ለአስቴር የተቀመጠላት እንጦጦ

አዲስ አበባን ለማየት አንድ ሳምንት አይበቃም ይላሉ። ይበቃል። አንድ እሁድ ይበቃል፤ ከእሁዱም ጥቂት ሰዓት ይተርፋል። ሰው ከተማ አይቶ የማይጠግበው ምን ሊያይ እንደወጣ ሳያውቅ ከቤቱ ስለሚነሳ ነው። እኔ ከከተማዬ ከሚዛን ስነሳ የምፈልገውን ጠንቅቄ አውቅ ነበር። የምፈልገው ባለቤቴ አስቴር አዲስ አበባን አይታ እንድትጠላት ነበር።

ይህን የምጽፈው በሚዛን ዙሪያ፣ ቱም፣ ጌጫና ሸኮ ተቀምጣችሁ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ጊዜም ምክንያትም ለሌላችሁ ነው። ምንም አልቀረባችሁም። ይህን የሚላችሁ ግን ቅናት የያዘው ሰው ነውና ቃሌን እንደወረደ አትመኑት።

አስቴር ልብስ ሰፊ ናት። ሚዛን ገበያው ዳር፣ ከእኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጎን፣ በአንድ የስፌት መኪና ሱሪ ታጠብባለች፣ ቀሚስ ታሳጥራለች፣ ለሙሽሮች ልብስ ትሰፋለች። ታላቅ እህቷ እትዬ ማርታ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት አላት። ዘንድሮ ሥራው ሰፋና አንድ ክፍል ጨመረች። ለአዲሱ ክፍል ኃላፊ ያደረገችው፣ ሳትጠይቃት፣ አስቴርን ነው። አንድ ቀን ደውላ ልጆቻችሁ አድገው ወጥተዋል፣ እዚያ ዝናብ ውስጥ ምን ትጠብቂያለሽ አለቻት። ቀጥላም፦

"ባልሽንም ይዘሽው ነይ። መጽሐፍ እንደሆነ እዚህም ይነበባል።"

ስልኩ ድምፁ ከፍ ስለሚል ሰማሁ። አስቴር እሺም እምቢም አላለችም። መጥቼ ልየውና እነግርሻለሁ አለች። መልሷን የያዘው ይህ ጉዞ ነበር እንግዲህ፤ ከጉዞው መልስ ወይ ሚዛን አብረን እንኖራለን፣ ወይ እኔ ከአርባ ዓመት በላይ የኖርኩበትን አገር ጥዬ የእህቷ ቤት ጥግ ላይ መጽሐፍ የማነብ ሰውዬ እሆናለሁ።

በሰው መቅናት ቀላል ነው። ተቀናቃኝህ ቁመቱም አረማመዱም ይታወቃል፤ ደግሞም አንድ ቀን ያረጃል። ከተማ ግን አያረጅም። በየዓመቱ ራሱን አፍርሶ እንደገና ይሠራል፤ በዚያ ላይ ማታ ማታ መብራት ያበራል።

ዓርብ። ሊነጋጋ ሲል በካፊያ ከሚዛን መናኸሪያ ተነሳን። ካፊያ የምለው የእኛን አገር ካፊያ ነው፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው ጎርፍ መጣ ብሎ ይሸሸዋል። ዘመድ ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ሙዝ፣ ኮረሪማ፣ የተፈለፈለ ቡና፣ ከጌጫ የመጣ ነጭ ማር በጀሪካን ይዘናል። ማሩን ከወንበራችን ሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ክዳኑንም ያጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ከፊታችን ሐጂ ኸይሩ የሚባሉ የጅማ ነጋዴ ተቀምጠዋል። ኮረሪማ ለመግዛት ሚዛን እየተመላለሱ አርጅተዋል፤ መንገዱን ከሾፌሩ በላይ ያውቁታል። ሲመቻቸው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘርግተው ተኙ። ቁልቁለቱ በዛ፣ ጀሪካኑ ተጋደመ። ቦንጋ ለቁርስ ስንቆም ሐጂ ነቅተው እግራቸውን ወደ ጫማቸው ቢከቱ ማሩ ቀድሟቸው ገብቷል።

እኔ ይቅርታ እየፈለግኩ አስቴር ቀድማ ተንበርክካ ነበር። ሐጂ ካልሲያቸውን አዩ፣ ጀሪካኑን አዩ፣ ከአፉ ላይ በጣታቸው ቀመስ አደረጉ።

"የጌጫ ነው" አሉ። "በጫማ አይጠጣም እንጂ፣ የእኔ ልጅ፣ ማሩስ ምንም አይወጣለትም።"

አስቴር ውሃ ለምና ጫማቸውንም ካልሲያቸውንም አጠበች። ከዚያ በኋላ እኛና ሐጂ ዘመድ ሆንን። ወዴት ነው ጉዞው ብለው ሲጠይቁን እኔ "ዘመድ ጥየቃ" አልኩ፣ እሷ "አዲስ አበባን ላያት" አለች። ሁለቱንም መልስ በአንድ ጊዜ ስለተናገርናቸው ሐጂ ተራ በተራ ዓይናችንን አዩ። ነጋዴ ናቸው፤ ዋጋው ያልተስማማ ዕቃ ሲያዩ ይገባቸዋል።

ከጎጀብ ድልድይ ወዲያ ዳገቱን ስንጀምር አውቶቡሱ አቃሰተና ቆመ። ሾፌሩና ረዳቱ ከሥሩ ገቡ። ተሳፋሪው ሣር ላይ ተቀመጠ። ለእትዬ ማርታ የታሰበው ሙዝ እዚያ አለቀ፤ አስቴር ለማያውቋት ሁሉ አደለችው። እኔ በልቤ መንገዱን አመሰገንኩት፤ አንድ ቀን እዚህ ብንቆይ አዲስ አበባ አንድ ቀን ታጣለች። ጅማ የገባነው ከመሸ ነው። ሆቴል ልንፈልግ ስንል ሐጂ ቦርሳችንን ቀሙን።

"ጫማዬን ማር ያጠጣችሁ ሰዎች ሆቴል ታድራላችሁ? ሰው ምን ይለኛል?"

ቤታቸው አደርን። ሚዛን ቢሆን እንግዳ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ ልማዱ ነው። የሐጂ ቤት መብራቱ እስክንተኛ አልጠፋም። ይህንንም መዝግቤ ቀናሁ።

ቅዳሜ። ባለቤታቸው ጠዋት ጭኮ በቅቤ አቀረቡልን። የገብስ ዱቄትና ቅቤ እንዲህ እንደሚዋደዱ ባውቅ ኖሮ ቅናቱን ከዚያ እጀምር ነበር። አውቶቡሱ ጋራዥ ገብቶ እስኪሠራ ሐጂ ቁጭ እንድንል አልፈቀዱም። ጅማ ገብቶ የጅሬንን ቤተ መንግሥት ሳያይ የሚወጣ ሰው እንግዳ አይባልም፣ መንገደኛ ነው አሉ። በባጃጅ ወደ ጉብታው ወጣን። በጣም ማልደን ስለነበር በሩ አልተከፈተም። ሐጂ ይህ አላስጨነቃቸውም፤ ከአጥር ውጭ ቆመው የእንጨቱን ሰገነት፣ ደረጃውን፣ ንጉሡ የሚቀመጡበትን በበትራቸው እየጠቆሙ የገዛ ቤታቸውን የሚያስጎበኙ ይመስሉ ነበር። አስቴር አጥሩን ይዛ በእግር ጣቶቿ ቆመች። ለስንት ሰው እንዳሳዩት ጠየቅኳቸው።

"ለመጣ ሁሉ ነዋ" አሉ። "ከተማህን ካላሳየህ ቤትህን ለምን ታሳያለህ?"

እኔ ሚዛን ለመጣ እንግዳ የማሳየው ሱቄን ነው። እሱንም ዝናብ ሲያባርረው ነው።

አዲስ አበባ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለመግቢያው ብዙ አልልም፤ ግማሹ ይፈርሳል፣ ግማሹ ይሠራል፣ የቀረው በመኪና ተዘግቶ ይጠብቃል። እትዬ ማርታ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለም። የቀረውን ማር ተሸክሜ ስወጣ፣ ሚዛን ውስጥ ከገበያው እስከ ቤቴ ያለው ጭቃ ደረጃ ስለሌለው ባርኬዋለሁ። እትዬ ማርታ አቅፋ ሳመችን። አስቴርን ቀጠንሽ አለቻት፣ እኔን ወፈርክ አለችኝ። ያው ትርጉሙ አንድ ነው። እራት በሥጋ የተሠራ ፓስታ አቀረበች፤ ጣፋጭ ነበር። ጣፋጭ መሆኑ አናደደኝ።

ስንበላ ስለ ነገው ተነሳ። እትዬ ማርታ ልክ ለደንበኛ የጨርቅ ናሙና እንደምትዘረጋ ሦስት ቦታ ዘረጋችልን፦ ሙዚየሙ፣ አዲሱ መናፈሻ፣ እንጦጦ። የማርፈው ነገ ብቻ ነው፣ ሦስቱን ብንሞክር ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል፣ ሁለት ምረጡ አለች። እኔ ሹካዬን አስቀምጬ መርካቶን አነሳሁ። ግፊያውን፣ ጩኸቱን፣ ኪስ አውላቂውን አስቤ ነው።

"እሁድ?" አለች እትዬ ማርታ በስሜ እየጠራችኝ። "ደሴ፣ እሁድ መርካቶ ሄደህ የምታየው የተዘጋ በር ነው። በር ለማየት ከሚዛን መጣህ?"

አስቴር ስትስቅ ውሃ ትን አላት። ዓይኗን እየጠረገች ፈረደች፤ አንዱን እኔ እንድመርጥ፣ ሌላውን እሷ። ሙዚየሙን መረጥኩ። ምክንያቴ ግልጽ ነው። ጨለም ይላል፣ አጥንት ይበዛዋል፣ ጽሑፉ ረጅም ነው። ከዚያ ወጥቶ "እዚህ ልኑር" የሚል ሰው የለም ብዬ ነው።

እሁድ። ከቅዳሴ መልስ ሄድን። ሙዚየም የደረቅ አገር ዕቃ ነው። አሸዋ ያለበት አገር የአያቱን አያት ጥርስ ሳይቀር አስቀምጦ ይቆያል። የእኛ አገር ምን ያስቀምጣል? ሚዛን ውስጥ ባለፈው ክረምት የሰቀልኩት ኮት ዘንድሮ ጢም አብቅሏል። የሱቄ መጻሕፍት እንኳ ከመሸጣቸው በፊት ይሻግታሉ። ከሺህ ዓመት በኋላ ሰው ቢቆፍረን የሚያገኘው ቡቃያ ነው። ይህን ሁሉ ለአስቴር በሹክሹክታ ሳብራራላት ቆየሁና ዞር ብል አጠገቤ የለችም።

አንድ የድሮ ንጉሣዊ ካባ ፊት ቆማለች። አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጠጋ ብዬ ወርቀ ዘቦው አማረ ልላት ስል፣ ወርቁን ከነጭራሹ አላየችውም።

"እዚህ ጋ እየው" አለችኝ። "ተተርትሮ እንደገና ተሰፍቷል። ለቀቅ አድርገውለታል። ሰውየው ወፍሮ ነበር ማለት ነው።"

ከኋላችን የቆሙ ሁለት ሴቶች ሰሙና ሳቁ፤ ጠጋ ብለውም አሳይን አሏት። አስቴር እጅጌውን፣ ገበሩን፣ የተረፈውን የድሮ ክር መንገድ አሳየቻቸው። ሌላም ሰው ተጠጋ። ባለቤቴ በገባች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሙዚየሙን ታስጎበኝ ጀመር። እኔ አጥንቶቹ ጋ ብቻዬን ቀረሁ። ከተጋባን ጀምሮ አንዱን ሸሚዜን እንኳ እንዲያ አድርጋ አላየችልኝም። አጥንቶቹ ግን አዘኑልኝ።

ከሰዓት በኋላ የእሷ ምርጫ ነበር፤ መናፈሻው። ስለ ሣሩ፣ ስለ ውሃው፣ ቁጭ ብሎ ስለሚሳሳመው ወጣት አልነግራችሁም። ዝናብ በማይቆምበት አገር ተወልዳችሁ በሣር የምትደነቁ አይደላችሁም። እኔም አልተደነቅኩም፤ ለእትዬ ማርታም ደጋግሜ ነገርኳት። አንድ ጥግ ላይ ስንደርስ ግን ቆምኩ። በድንጋይ በተከበበ መደብ ላይ ጥቂት የቡና ዛፎች ተተክለዋል። ስማቸው በሰሌዳ ተጽፏል። ሰው ተራ ይዞ አጠገባቸው ፎቶ ይነሳል። አንዲት ሙሽራ ሳትቀር ቅጠሉን ጉንጯ ላይ አስጠግታለች።

እውነቱን ለመናገር ከቀኑ ሁሉ የተደሰትኩበት ያን ጊዜ ነው። ሚዛን ቢሆን ያንን ዛፍ ፍየል ይታከክበታል። እያሾፍኩ ጠጋ አልኩና አየሁት። አገራችን ቡና አጠገብ ያደጋችሁ ችግሩን ታውቁታላችሁ፤ ከግንዱ ሥር ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ፍሬ የማይሰጥ ቀንበጥ ያየ እጅ ባለቤቱን አያስፈቅድም። ከሰው ጋር እያወራን፣ ለቀብር እየሄድን፣ በሰው ማሳ እያለፍን ሳይቀር ቀስ ብለን ቀንጥሰን እንጥላለን። ማንም ተቆጥቶ አያውቅም፤ እንዲያውም ያመሰግናል። እኔ በዚህ በኩል ሁለት ቀነጠስኩ። ቀና ብል አስቴር በዚያ በኩል አንድ ይዛለች። ጥበቃው ፊሽካውን የነፋው ያን ጊዜ ነው።

ሙሽራዋ ዞረች፣ ፎቶ አንሺው ዞረ፣ እትዬ ማርታ የማታውቀን መሰለች።

"ጋሼ፣ ትልቅ ሰው አይደሉ እንዴ?" አለኝ ጥበቃው። ከስድብ ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው።

ቀንበጦቹ በእጃችን እንዳሉ የመናፈሻው አትክልተኛ ተጠርታ መጣች። ወጣት ናት፣ ቦቲ ጫማ አድርጋለች። እኔ ቀድሜ ማስተማር ጀመርኩ፤ ይህ ዛፉን ያደክማል፣ ሥራሽን ነው የሠራንልሽ አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች። የሚቆረጡትን መቁረጧን፣ እነዚህን ሦስቱን ግን ቆርጣ ሌላ ዛፍ ልታበቅልባቸው ብላ ሆን ብላ ማስቀረቷን ነገረችኝ። ቀይ ክር አስራባቸው ነበር። ክሩ ጣቴ ላይ ተጠምጥሟል። ትምህርቴን አቋረጥኩ።

አስቴር ይቅርታ ጠየቀች። ልጅቷ አልተቆጣችም። ቀንበጦቹን ተቀበለችንና አገላብጣ አይታ፣ ሁለቱ ምናልባት ይተርፋሉ ብላ ጫፋቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች። ጥበቃውንም በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ለወግ ያህል፣ በቅን ልቦና፣ ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። ከሚዛን አልኳት።

"ሩቅ ነው አሉ። አንድ ቀን መጥቼ ባየው ደስ ይለኛል" አለች። "እዚያ ምን የሚታይ አለ፣ ጋሼ?"

እኔ ወሬ የማጣ ሰው አይደለሁም። ስለዚህች ከተማችን ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል፤ ሚዛንን የናቀ ሰው በጽሑፍ ያልመታሁት የለም። አፌን ከፈትኩ። "ቡና" አልኩ።

ልጅቷ ወደ መደቡ ዞር አለች። ቡናው እዚያው ቆሟል፤ ሰሌዳው፣ ሙሽራዋ፣ ሁሉም።

"ሌላስ?" አለችኝ በትህትና።

አስቴርን አየኋት። አልረዳችኝም። መልሴን ከልጅቷ ይልቅ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። "ዝናብ" ማለት ብቻ ነው የመጣልኝ። አልተናገርኩትም።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ እትዬ ማርታ ስለ ፊሽካው እየደጋገመች ሳቀች። አስቴርም ሳቀች። ፀሐይ ስትጠልቅ ከመስኮቱ ውጭ፣ ከሕንፃዎቹ በስተጀርባ፣ ረጅም ጥቁር ጋራ ይታይ ነበር። አስቴር ምን እንደሆነ ጠየቀች።

"እንጦጦ ነው" አለች እትዬ ማርታ። "እሱን አስቀምጬልሻለሁ። ስትመለሺ አብረን እንወጣለን።"

"ስትመለሺ" አለች እንጂ "ስትመለሱ" አላለችም። አስቴር አንገቷን አዙራ ጋራው እስኪሰወር አየችው። ካየችው ሁሉ ይልቅ ያላየችው አሸነፈኝ። ሙዚየሙን ማጣጣል እችላለሁ፣ መናፈሻውንም። ላልተወጣ ጋራ ግን ምን እንከን ይወጣለታል?

ሰኞ። የስፌት ቤቱን አየን። አዲሱ ክፍል መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ብርሃኑ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። አስቴር ሚዛን ውስጥ በክረምት መርፌ ላይ ክር የምትሰካው በር ላይ ወጥታ ነው። አንዱ መኪና ላይ ተቀመጠች፣ የአንድ ሸሚዝ ኪስ ሰፋች፣ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች፣ አገላብጣ አየችው። ሴቶቹ ሠራተኞች እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ማርታ ገለል ብላ ቆመች። ነገር አዋቂ ናት፤ መኪናው ራሱ ይናገርላት ብላ ነው። መልሱንም አልጠየቀቻትም። አስቴርም አገር ቤት ገብቼ እደውልልሻለሁ አለቻት። እትዬ ማርታ ለመንገድ ዳቦ ጋገረችልን፣ ለእኔም አሮጌ መጽሐፍ ገዝታ ሰጠችኝ። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ይህች ሴት ልትጠላ እንኳ አትመችም።

ማክሰኞ። ስንመለስ ጅማ ለምሳ ቆምን። ሐጂ ኸይሩ፣ አስቴር ደውላላቸው ኖሮ፣ መናኸሪያው በር ላይ ጭኮ በዕቃ ይዘው ይጠብቁናል። የታጠበውን ጫማ አድርገዋል፤ እግራቸውን አንስተው አሳዩን። ንቦች ተከትለውኛል፣ ለሰላት ሳወልቀው መስጊዱ ደጃፍ ላይ ተሰበሰቡ አሉ። ከተማዋን እንዴት አገኘሻት ብለው ጠየቋት።

"ጥሩ ናት ሐጂ። እንጦጦ ቀርቶኛል።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ቀን የሰጠናቸውን ሁለት መልስ አልረሱትም። "ኮረሪማው ሲደርስ መምጣቴ አይቀርም" አሉኝ። "እኔ ጅሬንን አሳይቻችኋለሁ። ተራው የአንተ ነው።"

አውቶቡሱ ተነሳ። አስቴር ራሷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ተኛች፤ ወይም የተኛች መሰለኝ። የጎጀብን ቁልቁለት ስንጀምር፣ ደኑ ከታች ሲከፈት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች።

"ያቺ ልጅ ስትጠይቅህ ለምን ዝም አልክ?"

ደክሞኝ ነበር አልኳት። ቀና አለች።

"እኔ መልሴን አልወሰንኩም" አለች። "እትዬ ሦስት ቦታ ዘርግታ ምረጪ አለችኝ። ደስ አለኝ። ሰው ምረጪ ሲልሽ ደስ ይላል። አንተም ሦስት ዘርጋልኝ። ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ ከፈለግክ እስከ ጌጫ። ቅዳሜ ሱቁን ዘግተን እንሄዳለን። አይቼ ማታ ለእትዬ እደውላለሁ።"

"ሦስት?"

"እሷ ሦስት አላት። አንተ ደግሞ አንባቢ ነህ።"

ከዚያ እንደገና ተኛች፤ በዚህ ጊዜ የእውነት። እኔ እስከ ሚዛን አልተኛሁም። ሲመሽ ከተማችን ስንገባ እየዘነበ ነበር። መብራት የለም።

ከተመለስን ወዲህ ሰው ስጠይቅ ሰነበትኩ። የሚገርመው ጉዳዩን የሚረዳልኝ አላገኘሁም። ጎረቤቴ አቶ ወልዴ፣ የቤንች ሰው ናቸው፣ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ሸብተዋል፤ የሚታይ ነገር ጠቁሙኝ ስላቸው ምን ጠፍቶብህ ነው አሉኝ። ከከተማው ውጭ ያለው ፏፏቴስ አልኳቸው። በሬ ገብቶ የሞተበት ነው፣ ደግሞ ለማየት ይኬዳል እንዴ አሉ። እንዲያም ሆኖ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ በልጅነታቸው ከፏፏቴው ጀርባ ገብተው ውሃውን ከውስጥ እንደ መጋረጃ እንዳዩት ነገሩኝ። መንገዱን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። አንድ አገኘሁ።

ሁለተኛው ጌጫ ነው። ማሩን የሸጠልኝ ሰው ዛፍ ላይ የሰቀላቸውን ቀፎዎች ከሩቅ ሳይሆን ከዛፉ ሥር ሆነን እንድናያቸው ፈቅዷል። ዛፉ ጫፉ አይታይም። ሰውየው በገመድ ሲወጣ ለማየት አንገት ያማል። የሐጂ ጫማ ውስጥ የገባው ማር የወረደው ከዚያ ነው። ይህንን አስቴር የምትወደው ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ዛፍ አዲስ አበባ ውስጥ በሰሌዳ አይተከልም፤ ቢተከልም እዚያ ቁመት ድረስ የሚታገሠው የለም።

ሦስተኛ የለኝም። የቡና ማሳ እንዳልል እሱን አስቀድሜ ለአትክልተኛዋ ብዬ ተዋርጄበታለሁ። ሻኛ የሌላትን የሸኮ ላም አሰብኩ፤ አስቴር ላሟን አውቃታለሁ፣ ወተት ነው የምትሰጠው አለች። የቱምን ገበያ አሰብኩ፤ መንገዱ ቅዳሜ ሄዶ ቅዳሜ አይመልስም። እትዬ ማርታ በየማታው ትደውላለች። ስለ ሥራው አታነሳም። ትናንት ማታ ያለችው፣ እንጦጦ ላይ ብርዱ ለቀቅ ማለቱን ብቻ ነው።

ይህን ያነበባችሁ የዚህ አገር ሰዎች፣ ሁላችሁም አንድ ቦታ ታውቃላችሁ። በልጅነታችሁ የቆማችሁበት፣ ለእንግዳ አሳይታችሁት የማታውቁት፣ ምን ይታያል ብላችሁ የተዋችሁት። ምክርም አድናቆትም አልፈልግም። ሱቄ ገበያው ዳር ነው፤ ዝናብ ቢሆንም ኑ፣ በሩን አንኳኩ፣ ከቅዳሜ በፊት ሦስተኛውን ስጡኝ።